«ስሙን ያልረሳ ሰው አልታመመም» ላሉት የዕድራችን ዳኛ

ለተከበሩ አቶ ዓባይነህ ምንይችል
የታች ሰፈር ዕድር ዳኛ
ዳንግላ

ጉዳዩ፦ አባቴን ስለቀጡልኝ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ዳኛችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጉሮሮዎ ደግሞ ለብቻው ጤና እመኛለሁ። ጉሮሮዎን ለይቼ ማንሳቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በታኅሣሡ ስብሰባ ስለ ጨዋነት ያደረጉትን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተልኩ በመሆኔ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ያን ያህል መናገርዎ ከልብ አስጨንቆኝ ነው። ጤና ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይም እንደ እርስዎ ጤነኛውን ከታመመው በዓይኑ ለይቶ፣ በቃሉ ወስኖ፣ ወዲያው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ለሚያልፍ ሰው።

እኔን ያውቁኛል። ይህ ደብዳቤ ግን በዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይም በሰዉ ስልክም የሚዞር ስለሆነ፣ ለማያውቁን አንባቢዎች ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ምሥራቅ ባንተአምላክ እባላለሁ። እዚሁ ዳንግላ አማርኛ አስተምራለሁ፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባቴ ጋር የምኖር ብቸኛ ልጃቸው ነኝ። አባቴ አቶ ባንተአምላክ ከእርስዎ በፊት የዕድራችን ዳኛ የነበሩት ናቸው። ለቅሶ ቤት ገብተው ሲቀመጡ ወሬ የሚቆምላቸው፣ በድንበር የተጣሉ ወንድማማቾችን ባላገሩን በአገውኛ፣ ከተሜውን በአማርኛ እያግባቡ አስታርቀው ምሳ አብልተው የሚሸኙ፣ የሰው ስም በክፉ ላለማንሳት አንዳንዴ የጀመሩትን ታሪክ ሳይጨርሱ የሚተዉ ሰው ነበሩ። እርስዎ ምክትላቸው ሆነው አጠገባቸው ተቀምጠው የተማሩ ስለሆነ ይህን ለእርስዎ መንገሬ ትርፍ ቃል ነው። ዛሬ እኒህ ስድሳ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሰው በእርስዎ ሰብሳቢነት ከዕድሩ ተሰርዘዋል፤ ለቅሶ ቤት ደጃፍም እንዳይደርሱ ተከልክለዋል። ይህ ውሳኔ በሚመጣው እሑድ ስብሰባ እንዲሻር እጠይቃለሁ። ከመጠየቅ በፊት ማመስገን ወግ ነውና፣ ምስጋናዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልተነገረ ነገር እርስዎ እንደማይወዱ አውቃለሁ።

፩ኛ. አባቴ መለወጥ የጀመሩ ጊዜ ፈጥናችሁ ስም ስላወጣችሁላቸው አመሰግናለሁ። እኔ ልጃቸው ሆኜ፣ አንድ ጣራ ሥር እያደርኩ፣ ምን እንደነካቸው ማወቅ አቅቶኝ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሻይ ያለ ስኳር የጠጡት ሰው ስኳሩን በማንኪያ ይበሉት ጀመር። ከቤት ወጥተው እስከ ጋሪ ማቆሚያው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ፤ ቀኑን ሙሉ፣ በዚያው መንገድ፣ ሰላም ላላቸው ሰው መልስ ሳይሰጡ። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ ተኝቼ ሳለሁ ወደ አልጋዬ ሲመጡ አይቼ እንዴት አደርሽ ሊሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ምሳው የት እንዳለ ጠይቀውኝ ወጡ። ያን ቀን ከወባው የባሰ ያመመኝ እሱ ነበር። ቢሆንም የእናቴ ሐዘን ያመጣባቸው ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

እናንተ ግን አልተቸገራችሁም። «ባንተአምላክ በስተርጅና ባለገ» ብላችሁ ነገሩን ቋጫችሁት። ስሙን ስትሰጧቸው «አንቱ» የሚለውን ይዛችሁ ሄዳችሁ። ሽበታቸው ሳይመጣ ጀምሮ አንቱ ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ ትናንት ፊደል ባስቆጠርኳቸው ጎረምሶች አፍ «አንተ» ተባሉ። በዚህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ሌላ ሥልጣን ባይኖረኝ የሰዋስው መምህርት ነኝ፣ ቢያንስ ይህችን መመለስ እችላለሁ።

፪ኛ. በአቶ ቢሻው ለቅሶ የሆነውን ስላልረሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ቢሻው ወሬ ይወዱ ነበር። ይህን ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ እንደሚገባው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አባቴ ገቡ። የሟቹን ባለቤት ወይዘሮ ስሜነሽን አዩ፤ ከዚያም ጮክ ብለው «ቢሻው ዛሬ ገና ዝም አለ» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አጭር አልነበረም። ሲጨርሱ ለለቀስተኛው ሻይ ከቀረበው ስኳር አንድ እፍኝ ዘግነው ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ክቡር ሆይ፣ ወይዘሮ ስሜነሽ የተሰማቸውን ሕመም እኔ አልክደውም፤ የዚያን ዕለት አባቴን ከሁሉም ሰው በላይ የጠላኋቸው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አባቴ ድንጋይ ተሸክመው በወይዘሮ ስሜነሽ ደጅ ይቅርታ እንዲጠይቁ ተወሰነ። ሥርዓቱ የአባቶቻችን ነው፤ አባቴ ራሳቸው በዳኝነት ዘመናቸው ስንቱን አሸክመው አስታርቀዋል። በዚህ ረገድ ልዩ ምስጋናዬ ድንጋዩን እኔ እንድመርጥ ስለፈቀዳችሁልኝ ነው። አንገታቸውን እንዳይጎዳው ብዬ ከጓሯችን ጠፍጣፋውን መረጥኩ። የጫንኩላቸውም እኔ ነኝ። በመንገድ ላይ ደጋግመው ወደ ኋላ እየዞሩ «ይህን የት ነው የምናደርሰው?» ይሉኝ ነበር፤ የጎረቤት ዕቃ እንደሚያደርስ ሰው፣ ያለ ቁጣ፣ ያለ እፍረት። ሰዉ ከየደጁ ያየን ነበር። እኔም «ዝም ብለህ ሂድ» አልኳቸው።

አዎን፣ «አንተ» ብያለሁ። ከላይ ከወቀስኳቸው አፎች አንዱ የእኔ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ከደጃፉ ስንደርስ ወይዘሮ ስሜነሽ እንደ ደንቡ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ድንጋዩ ከአባቴ ትከሻ ወረደ። አባቴም ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉና፣ ሻይ የሚፈላ ከሆነ ስኳሩ እንዲበዛላቸው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ ፌዝ ነው አሉ። እኔም ፌዝ ነው አልኩ። የዚያን ዕለት ራት ሳላቀርብላቸው ቀረሁ፤ እሳቸው ግን አላኮረፉም፣ ማጀት ገብተው የተረፈ ዳቦ ፈልገው በሉ።

፫ኛ. ሦስተኛው ምስጋናዬ ለጤና ጣቢያ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ ስሙን አልጠራም። አባቴን ይዤ የሄድኩት ለኅዳር ሚካኤል ነበር። የተቀበለን ወጣት ባለሙያ ትሑት ልጅ ነው። መጠይቁን አውጥቶ ዕለቱን ጠየቃቸው፤ «ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል» አሉ። ዓመተ ምሕረቱን፣ ወረዳውን፣ ያለንበትን ክፍል ጭምር በትክክል ተናገሩ። ከመቶ ጀምረው ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲወርዱ ሲጠይቃቸው እኔ በልቤ አብሬ እየቀነስኩ ተሳሳትኩ፣ እሳቸው ግን አልተሳሳቱም። እንዲይዟቸው የተሰጧቸውን ቃላት ቆይቶ ሲጠይቃቸው አንድም ሳያጎድሉ ደገሟቸውና፣ «አንተ ደግሞ ሸሚዝህ ቁልፍ የለውም፤ የምትተክልልህ ሚስትም ያገኘህ አልመሰለኝም» አሉት። ልጁ ሳቀ። እኔም ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ። «የማስታወስ ችሎታቸው የተሟላ ነው፤ የመርሳት ችግር የለባቸውም» ብሎ ጽፎ ማኅተም አድርጎ ሰጠን።

ክቡር ዳኛ፣ በሽታው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ሲያወራን ሁለታችንም ሳቅንለት። ልጁን አልፈርድበትም። አባቴ ድሮ ቢሆን የሰውን ቀዳዳ ልብስ አይተው እንዳላዩ የሚያልፉ፣ ቤት ገብተው ለእናቴ በጆሮዋ ነግረው አዲስ የሚያስገዙ ሰው እንደነበሩ በምን ያውቃል? የማውቀው እኔ ነበርኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ይዤ፣ በጋሪ ወደ ቤት ስንመለስ ለጋሪው ነጂ ሳይቀር አባቴ ምንም እንደሌለባቸው ነገርኩት። ሰዉ «አበደ» እንዳይላቸው ከምንም በላይ እፈራ ነበር፤ ስለዚህ ጤነኛ መባላቸው የዳኑ ያህል መሰለኝ። ወረቀቱን ለእርስዎ ያመጣሁልዎትም እኔው ነኝ።

፬ኛ. ወረቀቱን በታኅሣሡ ስብሰባ ቆመው ስላነበቡልን አመሰግናለሁ። አነባበብዎ ግሩም ነበር። ቀጥለውም፣ ለታሪክ እንዲቀመጥ ቃል በቃል ልጥቀሰውና፣ «ስሙን ያልረሳ ሰው አልታመመም፤ ካልታመመ ደግሞ ባለጌ ነው፤ ለባለጌ ዕድር የለንም» አሉ። ሰዉም አጉተመተመ፤ የትኛው ማጉተምተም የድጋፍ፣ የትኛው የመገረም እንደነበር እርስዎ ለይተው ስላወቁ ወደ ድምፅ አሰጣጡ አለፉ።

ልባችሁ ደንዳና ነው ብዬ እንዳልከስሳችሁ ደግሞ መርሳት የያዛቸው እትዬ ይታይሽ አሉላችሁ። እትዬ ይታይሽ ድንኳን ገብተው የሞተው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ይነገራቸዋል፤ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይጠይቃሉ፤ ደግሞም እንደ አዲስ ይነገራቸዋል፣ አንድ ሰው ሳይሰለች። ባለፈው የቤታቸው መንገድ ሲጠፋቸው ክቡርነትዎ ራስዎ እጃቸውን ይዘው እስከ ደጃቸው አድርሰዋቸዋል። ያን ቀን ከኋላ አይቼዎት አመስግኜዎታለሁ፤ እንደ ዛሬው ሳይሆን ከልቤ። ስለዚህ ችግራችሁ ርኅራኄ ማጣት አይደለም። ርኅራኄያችሁ የሚያውቀው አንድ በሽታ ብቻ ነው። የረሳ ሰው ያሳዝናችኋል። አባቴ ግን የእናንተን ነገር ሁሉ ያስታውሳሉ፤ የማን ልጅ መቼ እንደተዳረ፣ የማን በሬ በየትኛው ዓመት እንደሞተ ሳይቀር። ያጡት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ በመጠይቁ ላይ አልነበረም።

ድምፅ አሰጣጡ ላይ ስደርስ ማመስገን ያቅተኛል። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እርስዎ «አቶ ባንተአምላክ ከዕድሩ እንዲሰረዙ የሚደግፉ እጅ ያውጡ» አሉ። ለጊዜው እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዞሮ እኔን ያይ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ እርስዎም ቢሆኑ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ይሉኝታ ያዘኝ። «አባቷ ስለሆነ ሸፈነች» እንዳልባል፣ ነገ በክፍሌ ፊት ስቆም ተማሪዎቼ እንዳይንሾካሾኩ፣ ከወይዘሮ ስሜነሽ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ዓይኔን እንዳልሰብር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አዳራሽ መጀመሪያ የወጣችው እጅ የእኔ ናት። ከእኔ በኋላ ሰዉ ተከተለ። እኔ እጄን ባላወጣ ኖሮ ነገሩ ወዴት ይሄድ እንደነበር አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም፤ ይህን ጥያቄ ይዤ መተኛት ለምጃለሁ።

፭ኛ. የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ድምፁ እስከ ሩቅ የሚሰማ ብርቱ ሰው ስለሆነ አመሰግናለሁ። ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባው ሲነፋ አባቴ ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ። ይነሳሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ ይሄዳሉ። ውሳኔያችሁን አክብሬ በሩን ከውጭ የምቆልፈው እኔ ነኝ። እጀታውን ደጋግመው ከነቀነቁ በኋላ ከውስጥ ሆነው «ምሥራቅ፣ በሩ ተበላሽቷል፤ አናጢ ጥሪ» ይሉኛል። እኔም ከደጅ ቆሜ እሺ እላለሁ። እንዲህ እያልን ገናን አለፍን፣ ጥምቀትን አለፍን። ለሰው ሐዘን ሲቆሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው፣ አሁን የሰው ሐዘን በተጠራ ቁጥር እስረኛ ናቸው፤ ጠባቂያቸው ደግሞ ልጃቸው ናት።

፮ኛ. ስድስተኛው ምስጋና ለእርስዎ አይደለም፤ ለሃጀር ነው። ሃጀር የባለ ሱቁ የሐጂ ሸዕባን ልጅ ናት። ሐጂ ሸዕባን በሱቃቸው የስኳርና የሩዝ ከረጢት ላይ ሌላ ሰው የማያያቸው ትናንሽ ልጆች ተቀምጠው ያያሉ። ልጆቹ አይናገሩም፣ አያስፈሩም፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ሐጂም አንዳንዴ ከረሜላ ይዘረጉላቸዋል። ሰዉ «ጂን ሰፍሮበታል» ብሎ ሱቁን መሸሽ ጀመረ። ሃጀር ግን ወሬውን ትታ አባቷን ባሕር ዳር ወስዳ አስመርምራ ነበር። ከታኅሣሡ ስብሰባ በኋላ ቤቴ መጣችና ሌላ ሳትጨምር የሐኪሟን አድራሻ ሰጠችኝ። የዕድራችን አባል አለመሆኗ ጠቅሟታል መሰለኝ፤ የምትሰጠው ድምፅ ስላልነበራት መላ ሰጠችኝ።

በየካቲት በሚኒባስ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ አባቴን ብዙም አልጠየቀቻቸውም። ወደ እኔ ዞራ «ቀድሞ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት፤ መልሱን ስጀምር አልቆም አለኝ። መቼ ተለወጡ፣ ጣፋጭ መውደድ ጀመሩ ወይ፣ አንድ መንገድ ይመላለሳሉ ወይ፣ አንቺ ስታለቅሺ ፊታቸው ይለወጣል ወይ እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ደም አስወሰደች፣ ጭንቅላታቸውን በመሣሪያ ፎቶ አስነሳች። ምክንያቱንም ስትነግረኝ፣ ድባቴ፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የጆሮ መድከም እንኳ ሽማግሌን የተለወጠ ሊያስመስሉት እንደሚችሉ፣ እነዚህም መላ ስላላቸው አስቀድሞ ሳይጣሩ መታለፍ እንደሌለባቸው አስረዳችኝ። ከዚያ እንደ ተማሪ አስቀምጣ አስተማረችኝ።

እኛ «መርሳት» ወይም «መጃጀት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። አንደኛው የቅርብ ጊዜን ነገር በመርሳት ይጀምራል፤ የጥንቱን ትቶ የዛሬን ይወስዳል። ሌላው የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣ ነው፤ ሰውየው ድንገት ይወርዳል፣ ባለበት ይቆያል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሌላው የሌለ ሰው ያሳያል፣ እርምጃ ያሳጥራል፣ ሰውየውን ዛሬ ንቁ ነገ ፈዛዛ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ እንደ እብድ ተቆጥሮ የእብደት መድኃኒት ቢሰጠው ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። ሌላው ደግሞ ትዝታን አይነካም፤ ከግንባር በስተኋላ ያለውን የአንጎል ክፍል ይይዝና ጠባይን ይበላል። ሰውየው ቀኑን ያውቃል፣ ሒሳቡን ያውቃል፤ የማያውቀው የት መሳቅ እንደሌለበት ነው። አባቴን የያዛቸው ይህ ነው። የበሽታውን የፈረንጅ ስም ብትነግረኝም አፌ አልያዘውም፤ ይህን ስታይ «ይሉኝታን የሚወስድ በሽታ በይው» አለችኝ። የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ እንዳልተገኘለትም አልደበቀችኝም። አብሯቸው ያለ ሰው ግን ሊረዳቸው ይችላል፤ መጀመሪያ የሚረዳውም ባለመቅጣት ነው አለችኝ።

ያን ቃል በሚኒባሱ መንገድ ሁሉ ይዤው መጣሁ። አባቴ ይሉኝታ አጥተው ተባረሩ፤ እኔ ደግሞ ይሉኝታ ስለበዛብኝ አባረርኳቸው። ከሁለታችን ታማሚው ማን እንደሆነ ወረቀት የሚጽፍ ጤና ጣቢያ ካለ እባክዎ ይጠቁሙኝ።

ቤት እንደገባን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ በሩ፣ ስለ እጄ፣ ሁሉንም እየጠራሁ አለቀስኩ። ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ እግራቸውን ከእጄ ቀስ አድርገው አወጡና ወደ ጋሪ ማቆሚያው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አልተቀየሙኝም። የሚቀየም ነገር ውስጣቸው አልቀረም፤ ስለዚህ ይቅር የሚለኝም የለም። ይቅር ሊሉኝ ይችሉ የነበሩት አባቴ፣ እኔ ድንጋይ ስመርጥ ቀድመው ሄደዋል። ብዙ ሰው ላስታረቀ ሰው ልጅ ይህ ቅጣት ተመጣጣኝ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእሑዱ ጥያቄዬ አጭር ነው። የአባቴ ስም ወደ ዕድሩ ይመለስ። ጥሩንባ ሲነፋ ከእኔ ጋር ይምጡ፤ ከድንኳኑ ዳር፣ እኔ እጃቸውን ይዤ እንቀመጣለን፤ ስኳራቸውን ከቤት ይዤ እመጣለሁ። ቢስቁ ያዘነው ቤተሰብ ሕመም መሆኑን አስቀድሞ ይነገረው፤ መንገሩን እኔ እወስዳለሁ፣ ንግግር የሚያምርልዎ እርስዎም ቢያግዙኝ አልጠላም። ቀናቸው ሲደርስም እንደማንኛውም የዕድሩ ሰው በሰው ትከሻ ይሸኙ። ከዛሬ ወዲያ ደግሞ ጨዋ የነበረ ሰው በስተርጅና ድንገት ቢለወጥባችሁ፣ ሽማግሌ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ሐኪሙም ቀኑን ብቻ ከጠየቀ አብሮት የሄደው ሰው ሳይጠየቅ ይናገር። እኔ ዝም ብዬ ያደረስኩትን ስላየሁ ነው።

ወይዘሮ ስሜነሽን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ይቅር ማለት የሚችሉ ሰው ስለሆኑ ዕድለኛ ነኝ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታዎን፣ በትዕግሥት ካነበቡት ደግሞ ምስጋናዬን እንዲቀበሉኝ በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣ ዳኝነትዎን ያስፋልዎ፣ ጉሮሮዎን ይጠብቅልዎ፣ እርስዎንም ስምዎን ሳይረሱ ረጅም ዕድሜ ያኑርዎ የምል፣ የውሳኔዎ አክባሪና የበርዎ ቆላፊ፣

ምሥራቅ ባንተአምላክ
ዳንግላ፣ መጋቢት

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፤ መጠይቁ ላይ «ቀድሞ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» የሚል አንድ መስመር ትጨመርበት ዘንድ
ለወይዘሮ ስሜነሽ
በታኅሣሡ ስብሰባ እጃቸውን ላወጡ ሁሉ

ማስታወሻ፦ በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የተባለው ተጋኗል፣ ይታረም የሚሉ አንዳንድ ቅን ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። አደራዎን፣ አንዲት ፊደል እንዳይነካ። እውነት ነው። እርስዎ በጣትዎ እየጠቆሙ ሲቆጥሩ ከእኔ ቀጥሎ ያለችውን እጅም ቆጥረው አልፈዋል፤ የአባቴ እጅ ነበረች። ሌላ ሰው ሲያደርግ ያዩትን መድገም ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ መሆኑን ሐኪሟ የነገረችኝ በየካቲት ነው። በታኅሣሥ ግን፣ አንድ ሰው ከገዛ ዕድሩ መሰረዙን ደግፎ እጁን ሲያወጣ፣ እርስዎ የጤነኛ ሰው ድምፅ ነው ብለው አስመዘገቡት። በዚህ እንኳ ብዙ አልወቅስዎትም፤ አባቴ እጃቸውን ያወጡት እርስዎ ስላሉ አልነበረም። ዞረው እኔን አይተው ነው።